የሒሳብ ሊቁ ልጅና የጭስ ቀለም

የአንደኛ ዓመት የሒሳብ ወይም የሎጂክ ትምህርት የወሰደ ተማሪ ሁሉ የደ ሞርጋንን ሕጎች ያውቃቸዋል። «ሀ ወይም ለ» የሚለውን መካድ «ሀም አይደለም፣ ለም አይደለም» ከማለት ጋር አንድ ነው፤ «ሀ እና ለ» የሚለውን መካድ ደግሞ «ወይ ሀ አይደለም፣ ወይ ለ አይደለም» ከማለት ጋር አንድ ነው። ሕጎቹን ፈተና ላይ ጽፈን እናልፋለን እንጂ ደ ሞርጋን ማን ነው ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ሕጎቹ ባለቤት ሳይሆን ስለ ልጁ ነው። አባትየው ስሙን በመማሪያ መጻሕፍት ሲያስጽፍ፣ ልጁ ዊልያም ዕድሜውን በጭቃ፣ በእሳትና በጭስ መካከል አሳልፎ በግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ያጌጡ ሴራሚኮችን ሠራ።

የፊዚክስ መምህር ስለ ሴራሚክ ሠሪ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ዛሬ ናኖ ሳይንስ እያልን የምናስተምረውን ነገር ይህ ሰው ስም ሳይሰጠው በእጁ ይሠራው ነበር። በእኛም አገር ሸክላ ሠሪ እናቶች የዚያኑ መንገድ ግማሽ ሲሄዱት ኖረዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የፕሮፌሰሩ ቤት

አውገስተስ ደ ሞርጋን በ1806 በሕንድ አገር ማዱራይ በተባለች ከተማ ተወለደ። ገና በሕፃንነቱ የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጣ። በ1828፣ ሃያ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ያን ጊዜ አዲስ በነበረው በለንደን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ይህ ተቋም ኋላ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የተባለው ነው። ለኮምፒውተር ፕሮግራም ቀዳሚነት ስሟ የሚነሣውን አዳ ላቭሌስን ሒሳብ አስተምሯል፤ በ1865 የተመሠረተው የለንደን የሒሳብ ማኅበርም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ነበር። እንቆቅልሽ ይወድ ስለ ነበር፣ ዕድሜው በራሱ ሲባዛ ዓመተ ምሕረቱን የሰጠበት ጊዜ እንደ ነበር በመናገር ይደሰት ነበር፤ 43 በ43 ሲባዛ 1849 ይሆናልና። ይህ ዕድል በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው። በ1980 ለተወለድን ሰዎች በ2025፣ 45 ዓመት ሲሞላን፣ ደርሶናል።

ዊልያም ኖቬምበር 16 ቀን 1839 ለንደን ውስጥ ተወለደ። መጀመሪያ አባቱ በሚያስተምርበት ኮሌጅ ተማረ፤ በ1859 ግን ሥዕል ለመማር ወደ ሮያል አካዳሚ ገባ። ሠዓሊነቱ ብዙም አልገፋም። ሕይወቱን የቀየረው በ1863 ከዊልያም ሞሪስ ጋር መተዋወቁ ነው። ሞሪስና ጓደኞቹ በፋብሪካ ምርት የተጥለቀለቀችውን እንግሊዝን በእጅ በተሠሩ የቤት ዕቃዎች፣ ባለቀለም መስታወቶችና የግድግዳ ወረቀቶች ለማስጌጥ የተነሡ ሰዎች ነበሩ። ደ ሞርጋንም በመጀመሪያ ባለቀለም መስታወት፣ ቀጥሎም ሴራሚክ መሥራት ጀመረ።

እዚህ ላይ የለንደኑን ታሪክ ጥቂት አቁመን ወደ አገራችን እንመለስ። አንድ ሴራሚክ ምን ዓይነት ፈተና አልፎ ሴራሚክ እንደሚሆን ለመረዳት ከሸክላ ሠሪዎቻችን ዘንድ መጀመር ይቀላል፤ የጭቃ ሕግ በሁለቱም አገር አንድ ነውና።

ጭቃ ሸክላ የሚሆነው እንዴት ነው?

በምሥራቅ ጎጃም ያደገ ሰው መረሬ አፈርን ያውቃል። በክረምት ከጫማ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል፤ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይፈጥራል። ምክንያቱ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ደቃቅ የሸክላ ማዕድናት ውኃን በንብርብራቸው መካከል አስገብተው መያዛቸው ነው። ውኃው ሲገባ ያብጣሉ፤ ሲወጣ ይሸማቀቃሉ። በማሳ ላይ የምናየው ያ ስንጥቅ ሸክላ ሠሪ ዕድሜ ልኳን የምትታገለው ጠላት ነው። ጭቃው እንዲለጠጥላት ደቃቅ መሆን አለበት፤ ደቃቅ ከሆነ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

በየጥኖራ፣ በቢቸናና በሞጣ ገበያዎች ምጣድ፣ ጀበናና ድስት ይዘው የሚቀመጡት እናቶች ለዚህ ችግር ያላቸው መፍትሔ ገል ነው። የተሰበረ ሸክላ ወቅጠው፣ ነፍተው ከጭቃው ጋር ያቦኩታል። ገል አንድ ጊዜ እሳት ያየ ስለ ሆነ ዳግመኛ አይሸማቀቅም፤ የጭቃውን መጨማደድ ይቀንሳል። ውስጥ የቀረው ውኃ እንፋሎት ሆኖ የሚወጣበትንም ቀዳዳ ይከፍታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ግራም ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ 1,700 ጊዜ ያህል ይጨምራል፤ መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። የተጀመረ ስንጥቅም የገል ቅንጣት ላይ ሲደርስ ይቆማል ወይም አቅጣጫውን ይስታል።

ቀጥሎ እሳቱ ይመጣል። ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ፣ በማዕድኑ መዋቅር የታሰረው ውኃ ራሱ ተለይቶ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ጭቃው ውኃ ቢነካው ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። በ573 ዲግሪ ላይ ደግሞ በአሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የክሪስታል ቅርጹን ቀይሮ በድንገት ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝም በዚያው ነጥብ ላይ በድንገት ይኮማተራል። በኩበትና በእንጨት የሚነደው ገላጣ እሳት ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ድረስ ስለሚደርስ ይህን አደገኛ ነጥብ ሲወጣም ሲወርድም ያልፈዋል።

አሁን ምጣድን አስቡት። ስፋቱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ጠፍጣፋና ስስ ሸክላ ነው። ጠፍጣፋ ነገር ከክብ ማሰሮ ይልቅ ለመጣመምና ለመሰንጠቅ የተጋለጠ ነው። የደ ሞርጋን ሴራሚኮች አብዛኞቹ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ጎን ያላቸው አራት ማዕዘኖች ነበሩ፤ የሚተኮሱትም በተዘጋ ምድጃ ውስጥ ነበር። በእኔ ፍርድ ምጣድን በገላጣ እሳት ሳይሰነጠቅ ማውጣት ከሁለቱ የሚከብደው ነው። በከተማ የምንጠቀምበት የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን ሽቦው የሚቀበረው በዚሁ ሸክላ ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሴራሚክ ከምጣድ የሚለየው በላዩ ላይ ባለው ልባስ ነው። ባለሙያዎች ግሌዝ የሚሉት ይህ ልባስ በሸክላው ላይ የቀለጠ ስስ መስታወት ነው። ሸክላውና መስታወቱ አብረው ሲቀዘቅዙ እኩል ካልተኮማተሩ ጠብ ይነሣል። ልባሱ ከሸክላው በላይ ከተኮማተረ ይወጠርና እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ልባሱ ከሸክላው በጥቂቱ ያነሰ እንዲኮማተር አድርጎ መቀመም ያስፈልጋል፤ መስታወት ሲጫኑት እንጂ ሲስቡት አይችልምና። የእኛ እናቶች መስታወት አይቀቡም፤ ምጣዱን በጎመን ዘር ያሹታል። ዘይቱ በሙቀቱ ከስሎ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን እንጀራው ሳይጣበቅ ይነሣል።

ጣሪያው የተቃጠለበት ቤት

ደ ሞርጋን እነዚህን ሕጎች የተማረው በመክሰር ነው። መጀመሪያ የሚኖረው በለንደን ፊትዝሮይ አደባባይ አጠገብ ነበር። በመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ምድጃ ሠርቶ፣ ጭሱን በቤቱ ጭስ ማውጫ በኩል ሲያስወጣ የቤቱን ጣሪያ አቃጠለ። በ1872 ቼልሲ ወደ ተባለው ሰፈር ተዛወረ። የሒሳብ ፕሮፌሰሩ አባቱ ከአንድ ዓመት በፊት አርፎ ስለ ነበር ይህን አላየም።

ከዚያ ቤት ግን ይዞት የወጣው አንድ ትዝብት ነበረ። ባለቀለም መስታወት ሠሪዎች ቢጫ ቀለም የሚያወጡት የብር ውሁድ ቀብተው በማሞቅ ነው። ደ ሞርጋን፣ ሙቀቱና ጭሱ ሲበዛባቸው አንዳንዶቹ መስታወቶች ከቢጫነት አልፈው እንደ ርግብ አንገት ወዲያና ወዲህ ሲሉ ቀለማቸው የሚለዋወጥ አንጸባራቂ ገጽ እንደሚያወጡ አስተዋለ። ሌላ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚጥለውን እሱ ጥያቄ አደረገው። በመስታወት ላይ የሆነ ነገር፣ መስታወት በለበሰ ሸክላ ላይ ለምን አይሆንም?

ይህን አንጸባራቂ ገጽ፣ በባለሙያዎች አጠራር ላስተርን፣ የፈጠረው ደ ሞርጋን አይደለም። በሴራሚክ ላይ የተጀመረው በዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በዓባሲዶች ዘመን ኢራቅ ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ግብፅ፣ ወደ ስፔን፣ በኋላም ወደ ኢጣልያ ተሻገረ። በደ ሞርጋን ዘመን ጥበቡ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ ይህ ማጋነን ነው። በስፔን ማኒሴስ ሥራው አልተቋረጠም፤ በኢጣልያና በሃንጋሪም በዚያው ምዕተ ዓመት የሚሞክሩት ነበሩ። እውነቱ ግን በእንግሊዝ የሚያስተምረው ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉን በሙከራ ማግኘት ነበረበት።

የጭሱ ፊዚክስ

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልባስ ለብሶ የተተኮሰ ሴራሚክ ይወሰዳል። የመዳብ ወይም የብር ውሁድ ከሸክላ ጭቃ ጋር ተለውሶ ሥዕሉ በልባሱ ላይ ይሣላል። ከዚያ ሴራሚኩ እንደ ገና ወደ ምድጃ ይገባል፤ አሁን ግን ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ልባሱ አይቀልጥም፣ ለስለስ ይላል እንጂ። በዚህ ጊዜ ጭስ የሚያበዛ ማገዶ ይጨመርና አየሩ ይታፈናል። ሲወጣ ሥዕሉ እንደ ተቃጠለ ጭቃ ጠቁሮ ይታያል። ያን በጨርቅ ሲያሹት ከሥሩ ወርቅማ ወይም ቀይ አንጸባራቂ ገጽ ይወጣል።

ምን ሆነ? የመዳቡና የብሩ አዮኖች፣ በልባሱ ውስጥ ካሉት የሶዲየምና የፖታሲየም አዮኖች ጋር ቦታ ተለዋውጠው ወደ መስታወቱ ዘለቁ። ጭሱ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዟል፤ ይህ ጋዝ ኦክስጅን የተራበ በመሆኑ ከሚያገኘው ነገር ሁሉ ኦክስጅን ይነጥቃል። በኬሚስትሪ ሪዳክሽን የምንለው ይህ ነው። በዚህም አዮኖቹ ተመልሰው ብረታ ብረት ሆኑ፤ ነገር ግን በልባሱ ውስጥ ተበታትነው ስለ ነበር እንደ ሳህን አልተነጠፉም። በአሥሮች ናኖ ሜትር የሚለኩ እንክብሎች ሆነው፣ ከገጹ በታች ከአንድ ማይክሮ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ተደረደሩ። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖ ሜትር እንደሚጠጋ ብናስታውስ ትንሽነታቸው ይገባናል።

እንዲህ ያነሰ የብረት እንክብል ላይ ብርሃን ሲያርፍ፣ በውስጡ ያሉት ነፃ ኤሌክትሮኖች በአንድነት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። ዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው ጊዜውን ጠብቆ ሲገፋ ብቻ እንደሚያርቀው፣ እያንዳንዱም ብረት የሚስማማው የራሱ የሞገድ ርዝመት አለው። በመስታወት ውስጥ ያለ መዳብ ወደ 570 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ስለሚውጥ ቀይ ይተርፋል፤ ብር ደግሞ ወይን ጠጁንና ሰማያዊውን ጫፍ ስለሚውጥ ቢጫ ይተርፋል። የእንክብሎቹ ንብርብር በጣም ስስ በመሆኑም ከላይኛውና ከታችኛው ጠርዝ የሚንጸባረቁት ሞገዶች አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ይጣፋሉ። ሴራሚኩን ስናዘነብለው ቀለሙ የሚለወጠው ለዚህ ነው፤ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣም የሚያሳየን ይህንኑ ኢንተርፈረንስ ነው።

ይህ ሁሉ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየው ደ ሞርጋን ከሞተ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። እሱ የሚያውቀው ገደቦቹን ነበር። ሙቀቱ ካነሰ ብረቱ አይዘልቅም፤ ከበዛ ጭቃው ከልባሱ ጋር ይጣበቃል። ጭሱ ካነሰ ምንም አይወጣም፤ ከበዛ ገጹ ይጠቁራል። በየጊዜው ናሙና እያወጣ ያያል፤ አንድ ምድጃ ሙሉ ሥራ በጥቂት ደቂቃ ስሕተት ይበላሽበት ነበር። በውጭ አገር ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ ለንደን በሚገኘው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሥራዎቹን አይቻለሁ፤ በፎቶግራፍ የማይታየው ይኸው ከተመልካቹ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀሰው ቀለም ነው።

ወደ ጀበናችን ስንመለስ ያው ጋዝ በሥራ ላይ ይጠብቀናል። የአካባቢያችን ጭቃ የጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲበሰብስ የተገኘ በመሆኑ ብረት የበዛበት ነው። አየር እንደ ልብ ባገኘ እሳት ሲተኮስ ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ጠግቦ ይዋሐድና ዕቃው ቀይ ይሆናል። ሸክላ ሠሪዋ ጥቁር ጀበና ስትፈልግ ግን ከእሳት የወጣውን ዕቃ ትኩስ እንዳለ በገለባና በቅጠል ታፍነዋለች። ጭሱ የብረቱን ኦክስጅን ከፊሉን ይነጥቃል፤ ጥላሸቱም በቀዳዳዎቹ ይሞላል። ከላስተር የሚለየው ብረቱ ሌላ መሆኑና መስታወቱ አለመኖሩ ነው።

ሥራውና ገንዘቡ

ከ1877 እስከ 1881 ሠዓሊው ፍሬደሪክ ሌይተን በለንደን ቤቱ ውስጥ የዓረብ አዳራሽ የተባለውን ክፍል አሠራ። ከደማስቆና ከሌሎች የምሥራቅ ከተሞች የሰበሰባቸውን ጥንታዊ ሴራሚኮች አሰካክቶ የገጠመለት፣ የጎደሉትንም አስመስሎ ሠርቶ የሞላለት ደ ሞርጋን ነው። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ፒ ኤንድ ኦ የተባለው የመርከብ ኩባንያም ለ12 መርከቦቹ ሴራሚክ አሠርቶታል። የዚህ ኩባንያ መርከቦች ወደ ሕንድ የሚሄዱት በስዊዝ ቦይና በቀይ ባሕር ነበርና፣ የደ ሞርጋን ቀለም በእኛ ደጃፍ አልፏል ማለት ይቻላል።

ሥዕሉን የሚያባዛበት ዘዴ ብልሃት ያለው ነው። ሠዓሊዎቹ ንድፉን በስስ ወረቀት ላይ በሴራሚክ ቀለም ይሥሉታል፤ ወረቀቱ በሴራሚኩ ላይ ተለጥፎ የመስታወት ዱቄት ይደረግበታል፤ ወረቀቱ በእሳት ሲቃጠል ሥዕሉ ከልባሱ ሥር ይቀራል። የፋብሪካ ሴራሚክ በውርጭ እንደሚሰነጠቅ ስላየም ሻካራ ቅንጣት ያለበትን የራሱን ሸክላ በእጅ ማሠራት ጀመረ። የእኛ እናቶች ገል የሚጨምሩበትን ምክንያት በራሱ መንገድ ደረሰበት ማለት ነው።

ገንዘብ ግን አልሆነለትም። በ1882 ሞሪስ ወደሚሠራበት ወደ መርተን አቢ፣ በ1888 ደግሞ ሃልዚ ሪካርዶ ከተባለው አርክቴክት ጋር ሽርክና ገብቶ ወደ ፉልሃም ተዛወረ። በየጊዜው አዲስ ምድጃ፣ አዲስ ወጪ ነበር። በ1887 ያገባት ኤቭሊን ፒከሪንግ የታወቀች ሠዓሊ ነበረች፤ ከሥዕሎቿ የምታገኘውን ገንዘብ ወደ ባሏ ሥራ አፈሰሰች። ጤናው ስለ ታወከም ክረምቱን በኢጣልያ ፍሎረንስ እያሳለፈ ንድፎቹን በፖስታ ወደ ለንደን ይልክ ነበር። በ1898 ሪካርዶ ሽርክናውን ሲተው፣ ደ ሞርጋን የምድጃ ኃላፊውን ፍራንክ አይልስንና ሠዓሊዎቹን ቻርልስና ፍሬድ ፓሴንጀርን ሸሪክ አደረጋቸው። ሠራተኞቹን ወደ ባለቤትነት ማምጣቱ በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም።

በዚህ መካከል ሁለት ነገሮች አድርጓል፤ ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ እነዚህ ያስደንቁኛል። አንደኛው በ1892 በለንደን የሥነ ጥበባት ማኅበር ፊት ቆሞ የላስተርን አሠራር በዝርዝር ማስረዳቱና ማሳተሙ ነው። ሃያ ዓመት የፈጀበትን፣ የሚኖርበትንም ዕውቀት ለሚፈልግ ሁሉ ሰጠ። ሁለተኛው፣ የግብፅ መንግሥት ጠይቆት፣ በዚያ አገር ልባስ ያለው ሸክላ ማምረት ይቻል እንደ ሆነ አጥንቶ ያቀረበው ሪፖርት ነው፤ በ1894 ካይሮ ታተመ። የአስዋን ግድብ ከመሠራቱ በፊት በግብፅ ሜዳ ይቀመጥ የነበረው ደለል አብዛኛው በዓባይና በተከዜ ከኢትዮጵያ ደጋ የተጠረገ ነው። ግብፃውያን ሸክላ ሠሪዎች ሲያቦኩት ከኖሩት ጭቃ ከፊሉ ከጎጃም ተዳፋት የሄደ ነው።

ሥራው በ1907 ተዘጋ። ዕድሜውን ሁሉ ቆንጆ ነገር ለመሥራት ሲጣጣር ኖሮ መሥራት ሲችል የሚገዛው ማጣቱን በምሬት ይናገር እንደ ነበር ይነገራል። ነገሩን የባሰ አስገራሚ የሚያደርገው በ1906 ጆሴፍ ቫንስ የተባለ ልቦለድ ማሳተሙ ነው። የ66 ዓመቱ ሴራሚክ ሠሪ በመጀመሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝና በአሜሪካ ዝነኛ ደራሲ ሆነ፤ ምድጃው ያልሰጠውን ገንዘብ ብዕሩ ሰጠው። ተጨማሪ ስድስት ልቦለዶች አሳትሞ በጃንዋሪ 1917 ሞተ። ሳይጨርሳቸው የቀሩትን ሁለቱን ኤቭሊን አሟልታቸው፣ እሷም በ1919 አረፈች።

ያልተለካው እሳት

ደ ሞርጋን የከሰረ ሰው ቢሆንም በዘመኑ የተከበረ ሰው ነበር፤ የሚያቦካው ጭቃ ስድብ አላመጣበትም። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭና ሸማኔ «ቡዳ» እየተባሉ ከማኅበር ሲገለሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም እኔ ባደግሁበት አካባቢ ከሸክላ ሠሪ ቤት ማግባት የማያስማማ ጉዳይ ነበር። በዚህ መካከል ጄሪካን እንስራን ከጀርባ አወረደው፤ የብረት ድስትም የሸክላውን ቦታ ወሰደ። ሴት ልጅ ከእናቷ የምትማረው ይህ ሙያ የሚያስተምረው መጽሐፍ የለውም፤ እናትየው ስታልፍ አብሮ ያልፋል።

ቢቸና ወይም ሞጣ ዘመድ ያለው የፊዚክስ ወይም የኬሚስትሪ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ከቸገረው፣ ከፋኩልቲው ቤተ ሙከራ አንድ ቴርሞካፕል ተውሶ ይሂድ። ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ ከምጣዱ ሥር አስገብቶ፣ እሳቱ ከ573 ዲግሪ በላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ በስንት ዲግሪ ላይ እንደሚታፈን ይመዝግብ። የተሰበረ ገልም ያንሣና ጎኑን ይመልከት። ብዙ ጊዜ ውስጡ ጥቁር፣ ዳርና ዳሩ ቀይ ሆኖ ያገኘዋል። ጥቁሩ በጭቃው ውስጥ ሳይቃጠል የቀረ ካርቦን ነው፤ ቀዩ ኦክስጅን ዘልቆ የደረሰበት ነው። የቀዩ ውፍረት በግምት ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ እሳቱ ምን ያህል እንደ ቆየ በማስመሪያ ለክቶ መገመት ይቻላል። ሠሪዋ ግን ዕቃውን አትሰብረውም፤ ሲቀዘቅዝ በጣቷ አንኳኩታ በድምፁ ትለየዋለች።